ዘፋኝ የሌላቸው ሸክላዎች

ስለ ሙዚቃ ሲወራ ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚጠይቀው «ማን ዘፈነው?» ብሎ ነው። «ማን ተጫወተው?» ብሎ የሚጠይቅ ከመቶ አንድ አይገኝም። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ሰዎች ከተሠሩት ሸክላዎችና ካሴቶች መካከል የሚገባቸውን ክብር ያላገኙ ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም የሚበዙት ድምፃዊ የሌለባቸው ናቸው ብዬ ስለማምን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ የማነሣው «ቼ በለው»ን ነው። ይህን ሸክላ በ1977 ያወጣው የዋልያስ ባንድ ሲሆን፣ ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ፣ ቫይብራፎኑን የሚመታው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ለብዙ ዓመት የተጫወተ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፣ ለጭፈራ የመጣው ሰው መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ከአዳራሹ አይወጣም፤ ተጫዋቾቹም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረባቸው። እንግዲህ እንደዚህ ተፈትኖ የወጣ ባንድ በሸክላው ላይ አንድም ጊዜ ሲሳሳብ አይሰማም። በዚያ ሸክላ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን አንባብያን «አልሰማነውም» ትሉ ይሆናል። ሰምታችሁታል! በሬዲዮ በወሬና በወሬ መካከል ክፍተት መሙያ እየሆነ የምናውቀው በጆሮ እንጂ በስም አይደለም። የኔም ቅሬታ ይኸው ነው፤ እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ሙዚቃን ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ሁለተኛው «ወደ ሐረር ጉዞ» ይባላል። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው ካሴት ነው። ይህን ያገኘሁት እዚሁ ሰበታ፣ አጎቴ ቤት ከአልጋ ሥር በተቀመጠ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ነው። «ጋሼ፣ ይህ ካሴት የማን ነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ቴፕ የት አለና! ልጥለው ነበር፤ ከፈለግህ ውሰደው» አሉኝ። ከጎረቤት ቴፕ ተውሼ ከፈትሁት። ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ገባ፤ ጊታሩ ከኋላ እየተከተለ ሲያጅበው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ዜማ መካከል ግን ድንገት እልልታ ተሰማ፤ ቀጥሎም የመኪና ጥሩምባ። ለካስ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ተቀድቶበት ኖሯል!

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማያውቁ ታናናሾቻችን ላስረዳ። በካሴት ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ አዲስ ድምፅ አይቀዳም። ሆኖም ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር የደፈነው ሰው ያሻውን ይቀዳበታል። በየከተማችን በዚህ ዓይነት ስንት ሥራ እንደ ጠፋ ማን ይቆጥረዋል? አጎቴን አልወቅሳቸውም፤ ሠርጉም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነበር። ደግሞስ በካሴቱ ላይ የሚዘፍን ሰው ቢኖርበት ኖሮ ይደፍሩት ነበርን?

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን የ1985 ካሴት ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሲሄድ ከባንዱ ሰዎች አንዳንዶቹ፣ ኃይሉም ጭምር፣ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ብቻውን ወደ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንቴሳይዘሩን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ቀዳ፤ ከበሮውን የመታለት መኪና ነው። አንዳንዱ ሰው «መኪናው ነፍስ የለውም» ይላል። እኔ ግን በዚያ ደረቅ ምት ላይ አኮርዲዮኑ በአምባሰል ቅኝት ሲያለቅስ፣ ከአገሩ ርቆ የሚኖርን ሰው ብቸኝነት ከብዙ ግጥም ይልቅ አስረድቶኛል። ኃይሉ ኋላ ታክሲ ነጂ ሆኖ ሲሠራ፣ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ኪቦርድ ይዞ እየዞረ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። እኛ በመደርደሪያ የረሳነውን ሌላው ከውቅያኖስ ማዶ መጥቶ አነሣው።

በውጭው ዓለምም ይህን የመሰለ ነገር አለ። በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ የነበሩት ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤም.ጂ.ስ እነ ኦቲስ ሬዲንግን ያጀቡ ነበሩ፤ ነገር ግን በ1962 በራሳቸው ስም ያወጡት ዘፋኝ የሌለበት «ግሪን ኦኒየንስ» እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ስለ ሮክ የምጠይቅ አንባቢ ካለ፣ በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» እጠቁማለሁ። አሠራሩን የመራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። በዚህ ላይ አራት ድምፃውያን ስላሉ ከርእሴ እንደ ወጣሁ አውቃለሁ። ከቡራዩ የሚመጣው ጓደኛዬ «ጩኸት ነው» ይላል፤ የሱሉልታዋ ልጅ ደግሞ ከኔ ጋር ናት። ለጓደኛዬ የምመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊታሩ ቢጮህም ቅኝቱን አልሳተም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጊታሩን ብቻ ይከተል። ሁለተኛው ወገን ላይ ግን ትንሽ ይረዝማሉ፤ ይህን አልክድም።

የአጎቴ ካሴት አሁን እኔ ዘንድ ነው። የሁለተኛው ገጽ ሁሉ፣ የመጀመሪያውም እኩሌታ ደኅና ነው። የተዋስሁትን ቴፕ መልሻለሁና በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚሠራ ቴፕ ያለው ተማሪ ካለ በእረፍት ሰዓት ያነጋግረኝ። ቤቱ ያልተፈተሸ ሳጥን ያለውም እንዲሁ።