በሶዳ ስለሚጋገር ድርብርብ ኬክ
የእርሾ ሊጥ ሌሊቱን ይታገሣል፤ የሶዳ ሊጥ ግን አይታገሥም። ሶዳ ከኮመጠጠ አሬራ ጋር በተገናኘ ጊዜ ወዲያው አየር ያወጣልና፥ ተቦክቶ የቆየ እንደ ሆነ ኬኩ ሳይነሣ ይቀራል። እኛም ይህን ሳናውቅ እንግዳ እስኪገባ ሊጡን አቆይተን አፍረናል።

ለአንድ ብርጭቆ ዱቄት የሻይ ማንኪያ ሩብ ሶዳ ይበቃል፤ ቢበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። አሶሳ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በሳሳው አየር ሊጡ ፈጥኖ ይነፋልና ከዚህም ጥቂት መቀነስ ይገባል።

የመጋገሪያ ምድጃ የሌላት እመቤት እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ሁለቱን ድርብ ለየብቻ ትጋግር፤ ከበረደም በኋላ በስኳር የተቀቀለ የአገሩን ማንጎ በመካከሉ ትቀባ። ሶዳውን በልኩ ለክታ፥ እሳቱንም አስቀድማ ያሰናዳች እመቤት በእንግዳ ፊት አታፍርም።