ስለ ትናንሽ አውሮፕላኖች አንቴና ጥገና

በራዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ትእዛዝ መቀበሉን ቢያቋርጥ፣ ወቀሳው ፈጥኖ የሚደርሰው ለሻጩ ነጋዴ ነው። ጥፋቱ ግን አንዳንድ ጊዜ የመቀበያው አንቴና መቆረጥ ብቻ ስለሚሆን፣ ዕቃውን ከመጣል አስቀድሞ ሽቦውን መመርመር ይገባል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ በሚሠራው መቀበያ ሞገዱን የሚይዘው፣ የመዳብ ጥልፍ ያልሸፈነው የሽቦው ጫፍ ነው፤ ርዝመቱም የሞገዱ ሩብ፣ ማለት 31 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጫፉ የተቆረጠ እንደሆነ ከቀሪው ሽቦ ላይ የውጭውን ልባስና ጥልፉን በዚሁ ልክ መግፈፍ ይበቃል። ከሥሩ የተነቀለውን መበየድ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ከጥልፉ አንዲት ክር የመካከሉን ሽቦ ከነካች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከጥገናው በኋላ የማስተላለፊያው ኃይል ለሙከራ ዝቅ ተደርጎ፣ 30 እርምጃ ያህል ተርቆ፣ የአውሮፕላኑ መሪ ሳያቋርጥ መታዘዙ ሳይታይ ዕቃው ለገዢው ሊመለስ አይገባም።