በማስተር ሊግ የመጀመሪያ ዓመት የቡድን ግንባታ፦ ከሐዋሳ አኳያ

በሐዋሳ ከተማ፣ በአቶቴም ሆነ በፒያሳ አካባቢ፣ በፕሌይስቴሽን ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ጨዋታ እግር ኳስ ነው። ሁለት ወጣቶች ጆይስቲክ ይይዛሉ፤ አንዱ ባርሴሎናን፣ ሌላው አርሴናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ይመርጣል፤ ግጥሚያው በጥቂት ደቂቃዎች ይጠናቀቃል፤ ሂሳቡንም ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። በዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ ቡድን አይገነባም፤ ተገንብቶ የቀረበ ቡድን ይመረጣል እንጂ። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባዘጋጀው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ በተለምዶ ፔስ በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ግን ማስተር ሊግ የተሰኘ ሌላ የውድድር ዘርፍ አለ። የዚህ ዘርፍ ዋና ጥያቄ በደካማ ቡድንና በጥቂት ገንዘብ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ይሻገራል የሚለው ነው።

ፔስ 6 (እ.ኤ.አ. 2006) በተለይ ጥሩ ማሳያ ነው። ተጫዋቹ የሚወደውን ክለብ ስምና ማሊያ ይመርጣል፤ ከማሊያው ውስጥ የሚያገኛቸው ግን ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ ኦርዳዝ፣ እስፒማስና ግብ ጠባቂው ኢቫሮቭን የመሳሰሉ፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ ልብ ወለድ ሰዎች ናቸው። ፍጥነታቸው አነስተኛ፣ የኳስ ቁጥጥራቸውም ደካማ ነው። ውድድሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲሆን፣ በገንዘብ ፋንታ የሚያገለግለው ነጥብ በዋናነት የሚገኘው ግጥሚያ በማሸነፍ ነው። የዝውውር በሮችም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደሉም፤ ድርድር የሚደረገው በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው።

የጀማሪው የተለመደ ስሕተት ያለውን ነጥብ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ስመ ጥር አጥቂ መግዛት ነው። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ያስደስታል። ሆኖም ተጫዋች ሁለት ዋጋ አለው፤ አንደኛው ለዝውውሩ የሚከፈለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓመታዊ ደመወዙ ነው። ደመወዙ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ በአንድ ጊዜ ይቀነሳል። በዚያን ዕለት ያለው ነጥብ የቡድኑን ጠቅላላ ደመወዝ መሸፈን ካልቻለ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ምሕረትም ሆነ ብድር የለም። ስለዚህ በመስከረም የተገዛው ኮከብ በሰኔ ቡድኑን ሊያፈርስ ይችላል፤ ያውም ግቦችን እያስቆጠረ።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚከተሉት መንገድ ብዙም የሚያንጸባርቅ አይደለም። በቅድሚያ የሚፈልጉት ፈጣን አጥቂ ነው፤ ስሙ ያልገነነ ይሁን እንጂ ተከላካይን ሮጦ የሚያመልጥ መሆን አለበት። ምክንያቱም የመነሻው ቡድን አማካዮች ኳስን ደጋግመው በመቀባበል ወደ ግብ መድረስ ስለማይችሉ፣ ረጅም ኳስን የሚያሳድድ ሰው ከጥበበኛ አማካይ ይልቅ በቶሎ ነጥብ ያስገኛል። ቀጥሎ ዕድሜ ይታያል። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ ችሎታው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ያድጋል፤ ሠላሳን ያለፈው ኮከብ በአንጻሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ድካምም በሒሳቡ ውስጥ አለ፦ በተከታታይ የተሰለፈ ተጫዋች ስለሚዳከም፣ ከአንድ ታላቅ አጥቂ ይልቅ ሁለት መካከለኞች የተሻለ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከመነሻው ተጫዋቾች መካከል የማይሰለፉትን በመቀያየር ማሰናበትም የደመወዙን ሸክም ያቀልላል። ካስቶሎን ለመሸኘት ግን ብዙዎች ይቸገራሉ፤ በደካማነቱ የተወደደ ሰው ነውና።

ከቪዲዮ ጨዋታ ውጭም ይኸው ስሌት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ኦክላንድ አትሌቲክስ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ጠቅላላ ደመወዝ 103 ግጥሚያዎችን ሲያሸንፍ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ የከፈለው ኒውዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው ያንኑ 103 ነበር። ኦክላንድ ገበያው ዋጋቸውን ያሳነሰባቸውን ተጫዋቾች ፈልጎ ሰበሰበ እንጂ ኮከብ አልገዛም።

ማስተር ሊግ ይህን ያህል ትምህርት ቢኖረውም ለፕሌይስቴሽን ቤት አሠራር አይመችም። ክፍያው በግጥሚያ ስለሆነ፣ ወረፋ የሚጠብቅም ስላለ፣ አንድ ሰው ለሳምንታት የሚዘልቅ ውድድር ሊይዝ አይችልም። የተጀመረውን ለማስቀመጥ የሚያገለግለው የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የቤቱ ካርድ የሁሉም በመሆኑ የአንዱ ድካም በሌላው ሊጠፋ ይችላል። በዚህም ምክንያት ማስተር ሊግን እስከ መጨረሻው ለመጫወት የሚመቸው መሣሪያው በቤቱ ላለው፣ ወይም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ለቤቱ ተቆጣጣሪ ነው። ሌላው የሚለማመደው ኮከቦችን መጠቀምን ነው።

ጉዳዩ ለሐዋሳ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ስሙ ሐዋሳ ከነማ የሚባለው ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ በዚህ ክለብ ተጫውተው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያመሩ የከተማዋ ልጆች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሰችበት የ2013 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ በዛምቢያ ላይ ግብ ያስቆጠረውም አዳነ ነበር። ይህ በማስተር ሊግ ቋንቋ ሲታይ ወጣትን በዝቅተኛ ደመወዝ ማሳደግ ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው። የአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች ወጪ የሚሸፈነው ከከተማ አስተዳደሮችና ከመንግሥት ተቋማት በጀት ስለሆነ፣ ገቢው ደመወዙን ያልሸፈነ ክለብ እንደ ጨዋታው በዚያው ቀን አይዘጋም፤ ጉድለቱ ወደ ሕዝብ በጀት ይሸጋገራል።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መወሰናቸው ይህንኑ ወጪ ለመግታት ነበር። ይሁንና ይህ ውሳኔ ጣሪያ ያበጀው ለግለሰቡ እንጂ ለቡድኑ አይደለም። ማስተር ሊግ በአንጻሩ ለማንም ተጫዋች ጣሪያ አያበጅም፤ የሚጠይቀው ድምሩን ብቻ ነው። ሃያ አምስት ተጫዋቾችን በጣሪያው ልክ የሚቀጥር ክለብ የ2011ን ውሳኔ አይጥስም ነበር፤ በወር 1,250,000 ብር ግን ማግኘት ነበረበት።