ተጨማሪ መረጃ፦ የማሽን ጉዳትና የሠራተኛው መብት

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከግንባታ ሥራ ጎን ለጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶችና ጋራዦች ይገኛሉ። መጋዝ፣ መፍጫና የኮንክሪት ማደባለቂያ መከላከያ ሽፋን ከሌላቸው ጣትን ወይም እጅን ሊቆርጡ ይችላሉ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ግን አሠሪው ኃላፊነት አይኖርበትም። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባት ሆን ብሎ ራስን እንደመጉዳት ይቆጠራል።

ጉዳት ሲደርስ አሠሪው፦

• የመጀመሪያ ርዳታ ይሰጣል፤ ተጎጂውን በአቅራቢያው ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም ያደርሳል።
• የሕክምና፣ የመድኃኒትና የሰው ሠራሽ አካል ወጪ ይሸፍናል።
• ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ 1 ዓመት ይከፍለዋል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ።

ሠራተኛው በመድን ወይም በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነና ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ካሣ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ካሣው በጉዳቱ መጠን ይሰላል። በክፍያው ላይ አለመግባባት ሲነሣ ሠራተኛው ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ ይችላል።