ቀዩ ቀለም ከየት መጣ?

ነሐሴ 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በመላ ኢትዮጵያ ሲከበር በወላይታ ምድር የተለየ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ወደ ዳሞት ወርደው የአገሩን ገዥ ሞቶሎሚን አስተምረው አጥምቀዋል። የወላይታ ትውፊትም ሞቶሎሚን ከነገሥታቱ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በጻድቁ ስም የሚጠራው የደብረ መንክራት ገዳምም የሚገኘው በዚሁ አገር ነው። ጻድቁ ስድስት ክንፍ ኖሯቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ ምእመን አይኖርም። የሥዕሉን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የተሣለበት ቀለም ከምን እንደተሠራ የጠየቅን ግን ስንቶቻችን እንሆን?

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ዙሪያ በክረምት የተጓዘ ሰው ጫማ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለውን ቀይ አፈር አይረሳውም። አፈሩን ያቀላው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ ቀይና ቢጫ የአፈር ቀለም ያገኙት ከዚሁ የብረት ማዕድን ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥናት የቀረበባቸው የቀለም ድንጋዮች ቁጥራቸው 4 ሺህ 213፣ ክብደታቸውም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ዕድሜያቸው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ቀለም መፍጨት በዚህ አገር የትናንት ሙያ አይደለም ማለት ነው።

ይሁንና በሥዕል ላይ የሚታይ ቀይ ሁሉ ከአፈር የተገኘ አይደለም። ከሜርኩሪና ከድኝ ውሕድ የሚገኝ ሌላ ደማቅ ቀይ አለ። የሁለቱን ልዩነት ዓይን ብቻውን ሊወስን አይችልም። የኤክስሬይ ጨረር የሚጠቀም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ግን ሥዕሉን ሳይነካ፣ ሳይፍቅም፣ ብረት ወይም ሜርኩሪ መኖሩን ይናገራል። ኪዳነ ፋንታ ገብረማርያምና በኖርዌይ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ላይ በእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ቢጫውም ቢሆን አርሰኒክ ያለበት መርዛም ማዕድን ሊሆን ስለሚችል፣ አሮጌ ሥዕል በባዶ እጅ የሚጠርግ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

ዘመን በመናገር ረገድ ከሁሉም የሚበልጠው ሰማያዊው ነው። ከኢንዲጎ ተክል የሚወጣው ሰማያዊ ጥንታዊ ነው፤ ኮባልት የገባበት ብርጭቆ ተፈጭቶ የሚገኘውም እንዲሁ የቆየ ነው። የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ግን በበርሊን የተፈጠረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ብሩህ ሰማያዊ ደግሞ ከ1820ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተሣለ በሚባል ሥዕል ላይ ይህ የፋብሪካ ሰማያዊ ቢገኝ፣ ወይ ሥዕሉ እንደተባለው አላረጀም፣ ወይም በኋላ ዘመን ሰው እጁን አስገብቶበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከላይኛው ቀለም ሥር ሌላ ቀለም መኖር አለመኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። መሣሪያው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

የዚህ ምርመራ ጥቅም በጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ ተልእኮ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ ወስዶ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች አኖረ። ጥንታውያኑ ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ቅጂ መልክን ሊወርስ ይችላል፤ ጎንደሬው ሠዓሊ በእጁ የበጠበጠውን ቀለም ግን ሊወርስ አይችልም።

ዛሬ ሥዕልን የሚያሰጋው የውጭ አገር መንገደኛ ብቻ አይደለም። ለበዓል እናድሰው ተብሎ በሳሙናና በውሃ የሚታጠብ፣ ከዚያም ከሱቅ በተገዛ የዘይት ቀለም የሚደመቅ ሥዕል በየአጥቢያው አለ። በሙጫ የተያያዘ ጥንታዊ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ የዘይት ቀለም አንዴ ከደረበበት በኋላም ሥሩን ሳይጎዱ ማንሣት አስቸጋሪ ነው። እድሳት የሚያስቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት አስቀድመው ሥዕሉን በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ቢያነሡት፣ ከሥሩ የረገፈውንም ቅርፊት ከአቧራው ጋር ባይጠርጉት መልካም ነው። የስንዴ ቅንጣት የማታህል ስባሪ ለቤተ ሙከራ ትበቃለች። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ከየትኛው ሥዕል፣ ከየትኛው ጥግ፣ በየትኛው ቀን እንደተገኘች በላዩ ጽፎ በዕቃ ቤት ማኖር ወጪ የለውም።