በፖስታ የሚመለሱት ድንጋዮች

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚገኘው የፔትሪፋይድ ፎረስት (ድንጋይ የሆነ ጫካ) ብሔራዊ ፓርክ በፖስታ ድንጋይ ሲላክለት አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከድንጋዩ ጋር ብዙ ጊዜ ደብዳቤ አለ። ትዳሩ የፈረሰ፣ የታመመ፣ ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ ከፓርኩ በኪሱ ይዞት በሄደው ቁራጭ ያሳብባል፤ ወደ ነበረበት እንዲመልሱለትም ይለምናል።

ቁራጩ በአንድ ወቅት ዛፍ ነበር። ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህ ደረቅ ምድር ለምድር ወገብ የቀረበ፣ ወንዞች የሚያቋርጡት ለምለም አገር ነበር። ጎርፍ የጣላቸው ግንዶች በደለል ተቀበሩ። ከእሳተ ገሞራ አመድ የሟሟ ሲሊካ ከውኃው ጋር እየሰረገ እንጨቱን ቀስ በቀስ በኳርትዝ ተካው። ቀዩንና ቢጫውን ቀለም የሰጠው ብረት ነው፤ ጥቁሩንና ሐምራዊውን ደግሞ ማንጋኒዝ። ኳርትዝ ቢጠነክርም ተሰባሪ ነውና ግንዶቹ በመጋዝ የተቆረጡ ይመስላሉ።

ይህን በቅርብ ለማየት ከብሉ ሜሳ የተሻለ የእግር መንገድ አይገኝም። ሜሳ የእኛው አምባ ዓይነት ነው። 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ከአምባው አናት ቁልቁል ወርዶ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ሐምራዊ አፈር በተደራረበባቸው ኮረብቶች መካከል ይዞራል። ዝናብ አፈሩን በሸረሸረው ቁጥር የአዞ መሰሎቹ ፋይቶሶሮችና የቀደምት ዳይኖሶሮች አጥንት ብቅ ይላል።

ዘረፋው ከፓርኩ ዕድሜ ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ክሪስታል ፈላጊዎች ግንዶችን በድማሚት ያፈነዱ ነበር፤ ግንዶቹን ፈጭቶ የማለስለሻ ዱቄት ለማምረትም ወፍጮ እስከ መትከል ተደርሷል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስፍራውን በሕግ ያስጠበቁት በ1906 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ያደገው በ1962 ነው።

ድማሚቱ ቀርቶ ኪስ አስጊ ሆነ። ፓርኩም በየዓመቱ ብዙ ቶን እንደሚሰረቅ ጎብኚዎችን ሲያስጠነቅቅ ኖረ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒ ግን ማስጠንቀቂያው ራሱ ምን ያስከትል እንደሆን ለማወቅ ፈለገ። ከባልደረቦቹ ጋር ምልክት ያደረጉባቸውን ቁርጥራጮች በእግር መንገዶች ዳር አስቀመጡ። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ጫካውን እንደለወጡት በሚናገርበት ቦታ ከመቶው ስምንት ያህሉ ተሰረቁ። አትውሰዱ ብቻ በሚልበት ቦታ የጠፋው ሁለት እንኳ አልሞላም። ሁሉም እንደሚወስድ የተነገረው ሰው እጁን ዘረጋ።

ጫካው ባዶ እየሆነ ነው የሚለው ስሞታም ተፈተሸ። የድሮ ፎቶግራፎች በተነሡበት ቦታ ቆመው ያነጻጸሩ ባለሙያዎች አብዛኞቹን ግንዶች እዚያው አገኟቸው።

በፖስታ የመጡት ድንጋዮች ግን ቦታቸውን አያገኙም። ከየትኛው ኮረብታ ሥር እንደተነሡ ስለማይታወቅ፣ ዝም ብሎ ቢጥሏቸው የነገውን ተመራማሪ ያሳስታሉ። ስለዚህ ለሠራተኞች ብቻ በተፈቀደ መንገድ ዳር ይከመራሉ። ያ ክምር ስም ወጥቶለታል፦ የሕሊና ክምር።