የራሱ ሞዴል የሌለው ሰርቨር

ሥራው ደብዳቤ መፈለግ ብቻ የሆነ ሰርቨር አለ እንበል። ተጠቃሚው ከከፈተው የቻት መተግበሪያ ጋር ተገናኝቶ ይቀመጣል፤ «የመጋቢትን የቅሬታ ደብዳቤዎች አምጣ» ሲባል መዝገቡን ፈትሾ ያመጣል። ጭንቁ «አሳጥረህ አምጣ» የተባለ ዕለት ነው። ለማሳጠር ጽሑፉን መረዳት ያስፈልጋል፣ ሰርቨሩ ደግሞ የቋንቋ ሞዴል የለውም። የኤፒአይ ቁልፍ ገዝቶ ለብቻው ከአንድ ሞዴል ጋር መነጋገር ይችላል፤ ነገር ግን ያኔ ሂሳቡ በሰርቨሩ ባለቤት ላይ ይቆለላል፣ ደብዳቤዎቹም ተጠቃሚው ወደማያውቀው ቦታ ይሄዳሉ። ሌላው አማራጭ እሳት የጠፋበት ቤት የሚያደርገው ነው፦ ከጎረቤት መጫር።

ይህን የሚፈቅደው ኤምሲፒ፣ በሙሉ ስሙ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ የሚባለው ደንብ ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገው። በአብዛኛው መተግበሪያው ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። ሳምፕሊንግ በሚባለው ክፍል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰርቨሩ ጠያቂ ሆኖ «ይህን ጽሑፍ ለሞዴልህ ስጥልኝና መልሱን አምጣልኝ» ይላል።

ከመጠየቁ በፊት ግን ማጣራት አለበት፤ ሳምፕሊንግን የማይደግፉ መተግበሪያዎች ብዙ ናቸውና። ማጣሪያው ያለው በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ነው። ግንኙነቱ ሲከፈት መተግበሪያው ኢኒሻላይዝ የሚባል መልእክት ይልካል፤ በውስጡም ስሙን፣ የሚናገረውን የፕሮቶኮል ቅጂና የአቅሞቹን ዝርዝር ያስቀምጣል። ቅጂዎቹ የሚጠሩት በቀን ነው፤ ለምሳሌ 2025-06-18። በአቅሞቹ ዝርዝር ውስጥ ሳምፕሊንግ የሚል መስክ ካለ፣ ቅንፉ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ «አለኝ» ማለት ነው። መስኩ ከሌለ የለም። «የለኝም» የሚል መልስ አይጠበቅም፤ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። ጀማሪ ፕሮግራመሮችን የሚያደናግረው ይኸው ነው፦ ባዶውን ቅንፍ እንደሌለ ቆጥረው ያልፉታል። ከ2025-11-25 ቅጂ ወዲህ ደግሞ በቅንፉ ውስጥ ተጨማሪ ነገር ሊገባ ይችላል። ሞዴሉ መልስ እያዘጋጀ መሣሪያ፣ ማለትም ለሞዴሉ የቀረበ ተግባር፣ እንዲጠራ የሚፈልግ ሰርቨር ያ አቅም ለብቻው መጠቀሱን ማየት ይኖርበታል።

የትኛው ሞዴል እንደሚሠራ ሰርቨሩ አይወስንም። ምርጫውን ብቻ ይናገራል፦ ለዋጋ፣ ለፍጥነትና ለብልህነት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ከ0 እስከ 1 ባሉ ሦስት ቁጥሮች ይገልጻል፤ ከፈለገም የሞዴል ስም ይጠቁማል። መተግበሪያው ጥቆማውን ትቶ የሌላ ኩባንያ ተመጣጣኝ ሞዴል ሊያሠራ ይችላል። ስለዚህ ከመልሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የሞዴል ስም በየጊዜው ማየት አይከፋም፤ የጠዋቱ ሞዴል ከሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላል።

በእኔ ግምት ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው። «አቅም አለ» የሚለው ምልክት መንገድ መኖሩን እንጂ ሞዴሉ ሥራውን መቻሉን አይናገርም። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱም «አማርኛ ይችላል?» ብሎ አይጠይቅም። ደብዳቤዎቹ በአማርኛ ከተጻፉ፣ ማጠቃለያው አስቀድሞ በሚታወቅ አንድ አጭር ደብዳቤ ሞዴሉን መፈተን ያዋጣል። አንድ ይበቃል። ደንቡ ተጠቃሚው እያንዳንዱን ጥያቄ አይቶ መከልከል እንዲችል ይመክራልና፣ በፈተና ብዛት የፈቃድ መስኮት ደጋግሞ መክፈት ማሰልቸት ነው።

የቶክን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፍን የሚሰባብርባቸው ቁርጥራጮች፣ ጣሪያም አለ። ሰርቨሩ ከያንዳንዱ ጥያቄ ጋር መልሱ ከስንት ቶክን እንዳይበልጥ ይናገራል። የግዕዝ ፊደል በአብዛኞቹ ሞዴሎች ዘንድ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ስለሚሰባበር፣ ለእንግሊዝኛ የተመጠነ ጣሪያ የአማርኛውን ማጠቃለያ እኩሌታ ላይ ሊቆርጠው ይችላል። መልሱ ለምን እንዳቆመ የሚናገረው መስክ «ጣሪያው ደረሰ» ካለ፣ የሞዴሉን ችሎታ ከመጠርጠር በፊት ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ሳምፕሊንግ ከሌለስ? ሰርቨሩ መሣሪያዎቹን የሚዘረዝረው ከሰላምታው በኋላ ስለሆነ፣ የማሳጠሪያውን መሣሪያ ከዝርዝሩ ማስቀረት ይችላል። ደብዳቤዎቹ ጥቂት ከሆኑ እንዳሉ ይላካቸው፤ ሰርቨሩን የጠራው የመተግበሪያው ሞዴል ራሱ ያሳጥራቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያለፈ አያስፈልግም። መዋስ የሚጠቅመው ደብዳቤው በመቶ የሚቆጠር ሲሆንና ሁሉም በአንድ ውይይት ውስጥ አልገባ ሲል ነው።

አቅሙ ኖሮ ተጠቃሚው ሲከለክል ግን ሌላ ነገር ነው። ያ በስህተት መልእክት ተለይቶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ሰርቨሩ ለቀሩት ደብዳቤዎች እንደገና መጠየቁን ትቶ ያለቀውን ብቻ ማስረከብ አለበት።